ላስተካክልልሽ ብዬ የቀየርኩት ጎማ

የኔዋ የሺ፣

ከተለየሽኝ አሥር ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀኑን ቆጥሬ መያዜ አያስቅሽ፤ ጠባዬን ታውቂያለሽ። ይህን የምጽፍልሽ ደህና ነኝ ልልሽ አይደለም። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ፣ ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎለታል። ነገር ግን ወደ እኛ አጥር ስለሚያዘነብል ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ግቢ ይገባል። ለቀበሌ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ በሁለተኛው ላይ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተዛነፈ ለክቼ ሥዕል አያያዝኩ። መልስ የለም። መሥሪያ ቤትም አሁንም አንድ ለአምስት እያሉ ይሰበስቡናል፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ከአምስቱ አንዱም አይገኝም። ልጅሽ ትርሲት ከባሏ ጋር ቱላ ሰፈር ቤት ተከራይተው ገብተዋል፤ እሑድ እሑድ እየመጣች ታየኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ «በርታ» ይለኛል። በምን እንደምበረታ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ስልክሽን አልዘጋሁትም፤ ቻርጅ እያደረግሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ወር ጮኸ። «ቲቸር፣ እቃሽ መጥቷል» አለ አንድ ወንድ። «ቲቸር የለችም» አልኩት። «መቼ ትመጣለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በማግስቱ ቁጥሩን ይዤ ፈልጌ አገኘሁት፤ መሃል ከተማ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ዳንጊሶ ነው። እቃው በመዘግየቱ ያኮረፍሽው መስሎት ነበር። ማረፍሽን ስነግረው እጁን አፉ ላይ ጫነ፣ ከዚያ አንድ ካርቶን ከመደርደሪያው አወረደልኝ። ውስጡ ለዚያች በሪሞት ለምትነጃት መጫወቻ መኪናሽ ያዘዝሻቸው አዲስ ሞተር፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያና ባትሪ ነበሩ።

መኪናዋን ከተውሻት ሁለት ዓመት አልፎ የለ? ወንድምሽ ከዱባይ «ለልጅ ልጃችሁ» ብሎ አመጣት፤ ትርሲት ገና አልወለደችምና አንቺ ወረስሻት። የፈተና ወረቀት ስታርሚ ውለሽ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ትነጃት ነበር። በሊሾው ላይ ጭራዋን እየወረወረች በጎን ስትንሸራተት እንደ ተማሪዎችሽ ትንከተከቺያለሽ። እኔ ጋዜጣዬን አጥፌ አየሁና ይህ መኪና መሬት አይይዝም አልኩ። ብመረምራት እግሯ ላስቲክ አይደለም፤ ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ሰስቶ ነው ብዬ ተናደድኩ። ገበያ ወርጄ ከተሰበረ መኪና ላይ አራት የላስቲክ ጎማ አመጣሁ፣ የመሃላቸውን ቀዳዳ በሞረድ አስፍቼ ልክ አስገባሁና አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ቀየርኩልሽ። «እግዜር ይስጥህ፣ ኢንጂነሩ» አልሽኝ። አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገሽ ነዳሻትና ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ወጣች። እኔም ወረት ነው፣ አለቀላት ብዬ ረሳሁት።

ታዲያ የተውሻትን መኪና ጉልበት ልትጨምሪላት ለምን አሰብሽ? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዳንጊሶን በዚያን ቀን አልጠየቅሁትም፤ ከባሏ በላይ አውቃታለሁ ብሎ እንዳያስብ ብዬ። መሥራት መጠየቅን ይተካልኛል ብዬ መኪናዋንና እቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። አሮጌው ሞተር ሁለት ሽቦ ነበረው፣ አዲሱ ሦስት አለው። መመሪያው የተጻፈው በደቃቅ ፊደል ነው፤ የጻፈው ሰው መኪናውን ዓይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ባትሪው በድሮው ማስቀመጫ አልገባ ብሎ ጠርዙን ሞረድኩት። ሞተሩን ከማርሹ ጋር ሳጋጥም ጥርሶቹ እንዳይጨናነቁ በመሃላቸው ቀጭን ወረቀት አስገባሁ፤ ወረቀቱን የቀደድኩት መሥሪያ ቤት በቢፒአር ሥልጠና ላይ ከሰጠን መጽሐፍ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። መጀመሪያ ወደኋላ ሄደች። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ባቀያይር ወደፊት ሄደች። ሦስት ማታ ፈጀብኝ፤ ሥራው ግን እንከን አልነበረውም።

በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሪሞቱን ብጫነው አፍንጫዋን አንስታ ተወርውራ ሄደች። ልጠመዝዛት ስል ላስቲኩ ሊሾውን ነክሶ ያዘና ሦስት ጊዜ ተገለባብጣ ከአበባ ማሰሮሽ ጋር ተጋጨች። ማሰሮው ተሰበረ። አበባውን በቆርቆሮ መልሼ ተክዬዋለሁ፣ አልደረቀም።

መኪናዋን በፌስታል ይዤ ለዳንጊሶ ወሰድኩለት። ያልሆነ ሞተር አስመጣህላት ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። እሱ መኪናዋን ገልብጦ እግሯን አየና፣ «ጋሼ፣ ሞተሩማ ልክ ነው። ጎማውን ምነው በላስቲክ ተዉት? ይቺ እኮ እንድትንሸራተት የተሠራች ናት። ቲቸር እዚህ ስትመጣ መጀመሪያ እሱን ነበር የምትፈታው» አለኝ።

የሺ፣ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የቀረውን ከእሱ ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እያልሽ ስትወጪ መኪናዋ በዘንቢልሽ ውስጥ ነበረች። ዳንጊሶ ሱቅ ጓሮ ሊሾ ወለል ያለው ባዶ መጋዘን አለ። ላስቲኬን ፈትተሽ ፕላስቲኩን ታስሪያለሽ፣ አንድ ሰዓት ትነጃለሽ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ፈትተሽ ላስቲኬን መልሰሽ ታስሪና ወደ ቤት ትመጫለሽ። በየሳምንቱ! አራት ብሎን ለመፍታት፣ አራት ለማሰር፣ ከዚያ እንደገና አራት፣ እንደገና አራት። ሞተሩንም ያዘዝሽው አሮጌው መዞር ይጀምርና መሃል ላይ እየደከመ አንድ ሙሉ ክብ አልሞላልሽ ስላለ ነው። «ባልሽ ኢንጂነር አይደል፣ ለምን እሱ አይሠራልሽም?» ቢልሽ፣ «እሱ አንዴ አስተካክሎልኛል» ብለሽ ሳቅሽ አሉ። አሳሳቅሽ እንዴት ያለ ነበር? ዳንጊሶን ብጠይቀው «እንዲሁ ሳቀች» አለኝ። እንዲሁ መሳቅ የሚባል ነገር የለም።

ፕላስቲኮቹ የት እንዳሉ አላወቀም፤ ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳሽ ነበር የምትይዣቸው። ልብሶችሽን በአርባሽ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተናል። ቦርሳሽም አብሮ ሄዶ ከሆነ ብዬ ከዚያው በባጃጅ ቱላ ወረድኩ። ቦርሳሽ ትርሲት ዘንድ ነበር። ከውስጡ የሳሙና ማስቀመጫ አወጣች፣ አራቱ ፕላስቲክ በመሃረብ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ ዳር ዳራቸው ተበልቷል። ልጅሽ ደግሞ ታውቅ ነበር! ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ተቆጣሁ። «አባዬ፣ አንተ ማስተካከል ከጀመርክ ማን ያስቆምሃል? እማዬ ደግሞ እንዲህ ኮርተህ አይታህ አታውቅም ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ፈርተሽኝ ነው ወይስ አዝነሽልኝ? ፈርተሽኝ ነው እንዳልል፣ ደመወዜን በሙሉ ለሕንፃ ማኅበር ሰጥቼ ስመጣ ግቢውን ያናወጥሽው አንቺ ነሽ። አዝነሽልኝ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር ልትነግሪኝ ጀምረሽ «ተወው» ያልሽኝ? አሁን እያንዳንዱን «ተወው» ወደኋላ ሄጄ እፈልጋለሁ። የወጡ ጨው፣ የመጋረጃው ቀለም፣ ትርሲት መማር የፈለገችው ትምህርት። በየትኛው ላይ ላስቲክ እንዳሰርኩብሽ አላውቅም። ማወቅ የምፈልገውን ያህል ማወቅ እፈራለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ ነገር መለኪያ የለኝም።

ትናንት ላስቲኮቹን ፈትቼ ለዳንጊሶ ሰጠሁት፣ የፈለገውን ያድርጋቸው። ፕላስቲኮቹን አሰርኩና በረንዳው ላይ አወጣኋት። እንደነካኋት ጭራዋ አመለጠ። እጄ ለመያዝ ቸኮለ፣ እሷም ዞራ ቆመች። ደጋግሜ ሞከርኩ። ጭራዋ ወደ ቀኝ ሲሄድ መሪውንም ወደ ቀኝ መስጠት ነው ብሎ ዳንጊሶ ነግሮኛል፤ ያሳበድኳት እንጂ ያዳንኳት አይመስለኝም ነበር። ፀሐይ ከማዶ ባለው ሐይቅ ላይ ሳትጠልቅ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግማሽ ክብ በጎኗ ሄደች። ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ። ጎረቤት ሰምቶ «ልቡ ተነካ» ብሎ ይሆናል።

ሙት ዓመትሽ ቀርቧል። ሰው በልቶ አመስግኖ ሲሄድ፣ እኔ በረንዳው ላይ ያቺን ክብ ልሞላልሽ እቀመጣለሁ። እስካለሁ ድረስ አንቺን የማስበው እንዲህ ነው፦ ጋዜጣውን አጥፌ ከመነሳቴ በፊት፣ ስትንከተከቺ።

የሳሙና ማስቀመጫውን ባዶውን፣ ከትርሲት ዘንድ ባመጣሁት ቦርሳሽ ውስጥ መልሼዋለሁ። ከእንግዲህ ከእኔ የሚደበቅበት ነገር የለም።

ያንቺው ኢንጂነር