ላስቲኩ ያልተነሣለት ወንበር

ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
እንጅባራ

ለክቡር አቶ ይኸነው
የጋራ ሕንፃዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በአካል መቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ወገብዎስ? ቢሮው ለመድረስ በየቀኑ ሃያ ስድስት ደረጃ የሚወጣ ሰው ጤናው ሊጠየቅ ይገባልና የምጠይቅዎ ከልቤ ነው፤ እግርዎን ይጠብቅልዎ፣ ራስዎ ባወጡት ደንብ ደጅ ከመጥናትም ይሰውርዎ። እኔ መምህርት ማስተዋል አየነው ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ በአባቴ ስም አሥራ አንድ ማመልከቻ ስለጻፍኩልዎ የእጅ ጽሑፌን ከልጆችዎ ጽሑፍ ለይተው ሳያውቁት አይቀሩም። ይህኛውን በአደባባይ የጻፍኩት ከአሥራ አንዱ አንዱ እንኳ ፈቃድ ይዞ ስላልተመለሰ፣ ምናልባት ማመልከቻ ሰው ሲበዛበት መመለስ አይፈራ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አባቴ አቶ አየነው ወገኔ የፈረስ ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የፈረሰኞቹ በዓል ጥር ሃያ ሦስት ሲመጣ ፈረሳቸውን ጭነው ከፈረሰኞቹ መካከል ያልታዩበት ጊዜ የለም። ከአራት ዓመት በፊት ግን ፈረሱ ይዟቸው ወደቀና ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ፈረሱ ተሸጠ፤ እርሳቸውም እኔ በዕጣ ካገኘሁት የጋራ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ቀሩ። «ቆጥ ላይ የወጣሁ ዶሮ ሆንኩ» ይሉ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሸክመን እናውርድዎ ቢላቸው፣ «ቃሬዛ ላይ የምወጣው አንዴ ነው፤ ያን ጊዜ አልከለክላችሁም» ብለው ያስቁናል።

አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደረው ወንድሜ እንግዳው አንድ ሊፈርስ ከነበረ ቤት ደረጃ የሚወጣ ወንበር አገኘ። በደረጃው ጠርዝ ሐዲድ ይታሰርለታል፤ ሰው ተቀምጦበት ቁልፉን ሲጫኑት በመብራት ኃይል ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። በላስቲክ ጠቅልሎ በአይሱዙ ጭኖ ላከልን። አባቴ እንደሚገዛ ፈረስ ጀርባውን ዳሰሱት፣ ዙሪያውን አዩት፣ በላስቲኩ ውስጥ የሚታየው ቆዳው ቡናማ ነውና «ዳማው» ብለው ስም አወጡለት። ዘንድሮ ጥር ሃያ ሦስት በዳማው ወርጄ ፈረሶቹን አያለሁ አሉ። ጉዳያችን ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ደረጃው የጋራ ንብረት ስለሆነ መሣሪያው አስቀድሞ ይፈተሽ ብለው፣ ለሙከራ በጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ እንዲተከል ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ወንድሜ በገዛ እጁ ተከለልዎ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባዶውን ወጣ፣ ወረደ፣ ተፈተሸ። እርስዎ ግን ችኩል ሰው አይደሉምና ሙከራውን ሰባት ወር አቆዩት። የመጣበት ላስቲክ እንኳ ሳይነሣለት፣ በደረቱ ላይ «ባለቤትነቱ እስኪረጋገጥ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ለጠፉለት። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ሳስተምር ምሳሌ ይቸግረኝ ነበር፤ ስላገዙኝ ይባረኩ።

ሁለተኛ፤ ወንበራችንን ለክብር ስላበቁልን አመሰግናለሁ። ከየወረዳው ለተሞክሮ ልውውጥ የመጡ እንግዶች ከጎኑ እየቆሙ ፎቶ ተነሡ፤ እርስዎም አካል ጉዳተኞችን በማገልገል አርአያ ተብለው የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። እሰይ! ይገባዎታል። ጥር ሃያ ሦስት ቀን እርስዎ በክብር እንግዶች ዳስ ሲቀመጡ አባቴ በመስኮታችን አጠገብ ነበሩ። መስኮታችን የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮቴው ድምፅ ብቻ፣ ይኼ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣ ፈረስ ነው፣ ይኼኛው ግራ እግሩን ያመዋል፣ ይኼ ደግሞ ገና ውርንጭላ ነው እያሉ ይነግሩኝ ጀመር።  አባቴን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ከብዙ ዛሬ ነገ በኋላ «አመልካቹ በአካል ይቅረቡ» የሚል ደብዳቤ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ሚያዝያ 16 ቀን ሰኞ ለሦስት ሰዓት ነበር የተቀጠርነው። አባቴ የፈረስ ካባቸውን ለበሱ። ለዚያ ቀን ብቻ እሺ ብለውላቸው ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው፤ በባጃጅ ይዣቸው መጣሁ። ከእርስዎ ደረጃ ግርጌ ስንደርስ ግን ሰው እንዲሸከማቸው እንቢ አሉ። ሹም ፊት እንደ ጆንያ ተጭኜ አልቀርብም አሉ። ዳማው እዚያው ላስቲኩን ለብሶ ቆሟል። ጥበቃው ጋሼ ገብረ ማርያም ደግ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀቱን አሳዩን። አባቴ አስነብበው ሲጨርሱ ሳቁ። «ለመቀመጥ ባለቤቱ መሆኔን ማረጋገጥ አለብኝ፤ ለማረጋገጥ ደግሞ መውጣት አለብኝ፤ ለመውጣት መቀመጥ አለብኝ» አሉና ወንበሩን መታ መታ አድርገው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

አንድ ደረጃ እንወጣለን፣ ይቀመጣሉ፤ እንደገና አንድ እንወጣለን። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስንት ቀረኝ አሉኝ። ዘጠኝ አልኳቸው። «ዘጠኝ? እንግዲያው ትንሽ ልረፍ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ይኸው እንዳረፉ ናቸው።

አራተኛ፤ ለለቅሷችን ስለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ ካባው በኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ሰው ሳይቀመጥበት በለቀስተኛው ፊት ይሳባል። ያን ሲያዩ ነው ሰውዬው መሄዱ እርግጥ የሚሆነው። የአባቴ ፈረስ ተሽጧል። የቀራቸው ዳማው ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ቀን ለቅሶ እንዲፈቱልን ሽማግሌ ላክንብዎ። ንብረት ያለ ወጪ ቅጽ፣ ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ከግቢ አይወጣም ብለው መለሱ። ደንብ አክባሪነትዎን ሳደንቅ እኖራለሁ። እኛም ካባቸውን በባዶ በትር ላይ ሰቅለን አለቀስን። ያየ ሁሉ አፈረልን።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ አይደለም፤ ወሬው ደርሶዎታል። ከለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ጠፍቶ የዋለው መብራት ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ዳማው ማንም ሳይነካው ከግርጌ ተነሥቶ መውጣት ጀመረ። ጋሼ ገብረ ማርያም እስከ ቤቴ ድረስ እየሮጡ መጥተው ነገሩኝ። ኋላም ለአባታችን አርባ የመጣው እንግዳው ቁልፉ ተነክሶ ይሆናል ብሎ ፈትቶ አወጣው፤ ቁልፉ አሁን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። በማግሥቱ መብራት ጠፍቶ መጣ። ማንም ሳያወርደው ግርጌ የተመለሰው ወንበር ወጣ። ወንድሜ የሙያው ሰው ነው፤ ይሆናል የሚለውን ሁሉ ነገረኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ለምን እንደሚቆም ስጠይቀው ግን ዕቃዎቹን ሰብስቦ የዚያኑ ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ባለፈው ሐሙስ እኔው ራሴ መጥቼ አየሁ። ቀትር ነው፤ ባለጉዳይ ደረጃውን ሞልቶታል። መብራት መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንበሩ ሽቅብ ሲመጣ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ሽማግሌ ሰው ሲደላደል እንደሚሰማው ማለት ነው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመ። መምህርት ነኝና ቆጠርኩ፤ እስከ አርባ ደረስኩ። ከዚያ ዘጠኙን ወጥቶ በርዎ ፊት ቆመ። «አባባ» አልኩ፤ ልል አስቤ አልነበረም። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ፤ የወለደኝን አባት ፈራሁ፣ ይህንንም ከእርስዎ ውለታ ቆጥሬ ጽፌዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጠመኔዬን አስቀምጬ እቆጥራለሁ።

እርስዎም ሰሞኑን የፊት ለፊቱን ደረጃ ትተው በጓሮ በኩል በመሰላል ይወጣሉ አሉ። ወይ ጉድ! ጉልበትዎን የጠየቅኩት ለዚህ ነበር። እባክዎ አይልፉ፤ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ላስቲኩን በገዛ እጅዎ ያንሡለት። ወረቀቱን ይላጡለት። ሞዴል ሃያ ሁለቱን ይፈርሙና ዳማውን ይልቀቁልን። በሚመጣው ጥር ሃያ ሦስት በጋሪ ጭነን፣ ካባውን ደርበንበት፣ በፈረሰኞቹ ፊት እንሳበው። አባቴ መሄዳቸውን ሰው ይወቅላቸው፤ እርሳቸውም ይወቁት።

ለሰባት ወር ትዕግሥትዎ፣ ለማኅተምዎ ጥራት፣ ለመሰላልዎም ጽናት ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ከደጅዎ የማልጠፋ ታዛዥዎ ነኝ።

ማስተዋል አየነው
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ጋሼ ገብረ ማርያም
ለአቶ አየነው ወገኔ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ጋሼ ገብረ ማርያም እንደነገሩኝ ዓርብ ዕለት ወንበሩ በርዎ ፊት ሲቆም እርስዎ ውስጥ ነበሩ፤ መቀርቀሪያውን ሲወረውሩትም ተሰምቷል። አይፍሩ። አመልካቹ በአካል ይቅረቡ ብለው የጠሯቸው እርስዎ ነዎት፤ አባቴ ደግሞ ከሹም ቀጠሮ ቀርተው አያውቁም። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ «ይግቡ» ይባላል።