ስለ ዳገቱ ያልተናገርኩት

አባዬ ሆዴ፣

ከተለየኸን አራት ዓመት ሞላ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ብስክሌትህን ከሳሎን ላወጣ ብል ከነብስክሌቱ ልታባርረኝ ነበር። ከሲግናል ወደ ታች መንገዱ ሰፍቶ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል። ታክሲዎች ክላክስ እየነፉብህ ስንት ዓመት ነዳህ፤ ይህን ሳታይ መሄድህ ያናድደኛል።

እኔም አርባ ስድስት ሞላኝ፤ አንተን ከውድድር ያስቀሩህ ጊዜ የነበርክበት ዕድሜ። አሁንም በብስክሌት እወዳደራለሁ፤ ሜዳ መንገድ ላይ ያ የድሮ ፍጥነቴ የለም። ወጣቶቹ ድንገት ሲፈተለኩ እግሬ እሺ አይለኝም። ዳገት ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ከቀበና ድልድይ ጀምሬ ቀላል ማርሽ አስገብቼ፣ ትንፋሼን እየቆጠርኩ፣ ማንም ቢያልፈኝ ሳልደነግጥ እወጣለሁ። እንጦጦ ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ያለፉኝን አንድ በአንድ አገኛቸዋለሁ። አንተም እንዲህ ነበር የምትወጣው። ያኔ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር።

አባዬ፣ አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ያኔ አሰልጣኛችን ለእንጦጦው ውድድር ተወዳዳሪ ሲመርጥ፣ አብረን ስለምንለማመድ ስለ አንተ የጠየቀው እኔን ነበር። ሜዳ ላይ ጥዬህ እንደምሄድ ነገርኩት። እውነት ነው። ዳገቱ ላይ ሁልጊዜ ደርሰህ እንደምታልፈኝ ግን ዋጥኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የአንተ ልጅ እየተባልኩ መጠራት ሰልችቶኝ ነበር። ስምህ ሲቀር፣ ጥሩውን የኋላ ቸርኬህን ከብስክሌትህ ፈተህ ለእኔ ገጠምክልኝ። እኔም ጉልበቴን ሜዳው ላይ ጨርሼ ዳገቱ መሀል ቆምኩ። አንተ መንገዱ ዳር ውሃ ይዘህ ትጠብቀኝ ነበር። ስትሰጠኝ ዓይንህን ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ አሰልጣኝ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ አብሮኝ የሚለማመደውን ወጣት ስለ እኔ ጠየቀው። ልጁም ምንም ሳያመነታ፣ ሜዳ ላይ ጋሼን እንጥላቸዋለን፣ ዳገት ላይ ግን እሳቸው ይጥሉናል አለ። ለእሁዱ የዳገት ውድድር ተመረጥኩ። የብስክሌቴን ካቴና የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና አለቀስኩ።

ቅዳሜ ካራ ሄድኩ፤ የድሮው አሰልጣኝ ጡረታ ወጥቶ እዚያ ነው የሚኖረው። ያኔ የዋጥኩትን የእውነቱን ግማሽ፣ የዳገቱን፣ ነገርኩት። ምነው ያኔ ብትነግረኝ አለኝ።

እሁድ የምወጣው በአንተ ቸርኬ ነው። ይቅር በለኝ አባዬ። ከእንግዲህ ስምህ በተነሳበት ሁሉ ዳገቱን ጨምሬ እናገራለሁ።

ልጅህ