ጎርፉን በድምፃቸው ላስቆሙት ለጓድ ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ወልደጻድቅ ሞገስ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አዋሳ
ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ፣ በተለይም ስለ ጉሮሮዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሰሞኑን ብርዱ ስለበረታ ድምፅዎ እንዳይዘጋ ሰፈሩ በሙሉ ሰግቶ ነበር። ሌላው የአካልዎ ክፍል ቢታመም ሐኪም ይገኝለታል፤ ድምፅዎ ቢታመም ግን ቀበሌያችን ምን ይቀረዋል? እኔና ቤተሰቤ ከጉልበታችን በላይ ደህና ነን። ከጉልበት በታች ስላለው ከዚህ በታች አመለክታለሁ።

ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት በራስዎ ፈቃድ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ደረትዎን ነፍተው «ሂስ የሚፈራ አመራር አብዮታዊ አይደለም! ያላችሁን በጽሑፍ፣ በግልጽ፣ ስማችሁን ጠቅሳችሁ አቅርቡ!» ብለው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ይህን እንደ ንግግር ሲሰማው፣ እኔ ሞኙ ልብስ ሰፊ እንደ ቃል ሰማሁት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሰው ለስኳር በሚሰለፍበት በቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አንባቢ አይጠፋም፤ ስለ ሰልፉም አመሰግናለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ አምናው ጎርፍ ላመስግንዎ። ነሐሴ ላይ ከታቦር ተራራ የወረደው ውሃ ሰፈራችንን ሲያጥለቀልቅ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ማለቴ፣ እናስታውሳለን ብለን እናምናለን። ጎረቤቴ ታቢታ፣ በጤና ጣቢያ ቁስል የምታክመው ድሬሰር፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች፤ በየቤቱ እየዞረች በር እያንኳኳች ሰው አወጣች፤ ውሃው ወደ ሐይቁ የሚሄድበትን ቦይ በአካፋ አስጀመረች። እርስዎ ያን ጊዜ እንደኛው ተራ ነዋሪ ስለነበሩ በባለሱቁ በጋሽ ጠሀ በረንዳ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው «ቆፍሩ! ወደ ግራ! በርቱ!» ይሉ ነበር። በስተግራ በኩል የነበረው የጋሽ ጠሀ መጋዘን ሲሆን፣ ታቢታ ወደ ቀኝ በመቆፈሯ ሰውየው እስከ ዛሬ ይነግዳሉ።

ታዲያ መስከረም ጠብቶ ሰው ሲሰባሰብ «ያንን ጎርፍ ያስቆመው ማነው?» ቢባል መልሱ አንድ ሆነ፤ «ያ ረጅሙ፣ ድምፀ ጎርናናው ሰውዬ!» ጋሽ ጠሀ ራሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። ጭቃ ውስጥ የነበርን ሰዎች አቀርቅረን ስለነበር ማን አጠገባችን እንደሚቆፍር አላየንም። ከላይ የሚመጣውን ድምፅ ግን ሁላችንም ሰምተናል። ሰው የረዳውን ሳይሆን ያዘዘውን ያስታውሳል፤ ይህን ስላስተማሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. ጥር ላይ የሊቀመንበርነቱ ቦታ ክፍት ሆኖ እርስዎና ታቢታ ለምርጫ ቀረባችሁ። ታቢታ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሲዳምኛ ጣል ጣል በሚልበት አማርኛዋ እንዲህ አለች፤ «ቦዩ በደለል ተሞልቷል። ዝናብ ሳይመጣ ካልጠረግነው ውሃው ይመለሳል። ለዚህ የሁላችሁ ጉልበት ያስፈልገኛል። ሰፈሩ መብራት መቼ ይገባል ላላችሁኝ ግን አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ።»

«አላውቅም» ስትል አዳራሹ ውስጥ ያለፈውን ጉርምርምታ እርስዎም ሰምተዋል። ሴትዮዋ በዚያች አንዲት ቃል አለቀላት።

ቀጥሎ እርስዎ ተነሱ። ከፊት እስከ ኋላ በዓይንዎ ቃኙን፤ ሲቃኙን ሁላችንም ምን አጠፋን ብለን ራሳችንን መመርመር ጀመርን። ከዚያ ሬዲዮ በሚመስል አማርኛ «ጎርፉን በቁጥጥራችን ሥር እናውለዋለን!» አሉ። እንዴት? መቼ? በምን? ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እንዲህ ባለ ድምፅ የተነገረን ነገር መጠየቅ ነውር ይመስላል። እጅ ሲቆጠር ለታቢታ የተነሱት ጥቂት ነበሩ። እሷ ራሷ ስትወጣ ሳቅ ብላ «ሸዋንግዛው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሲናገሩ እኔም እጄ ሊነሳ ነበር» አለችኝ።

3ኛ. በነገሩ ተደንቄ ጎረቤቶቼን ለምን እርስዎን እንደመረጡ በየተራ ጠየቅኋቸው። ይህን ያደረግሁት ለመሰለል ሳይሆን ለመማር መሆኑን በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ጠላ ሻጯ እትዬ ሸዋዬ «አላውቅም የሚል ሰው ምን ብሎ ይመራል? የማላውቀውማ እኔም አለሁ» አሉኝ። ጋሽ ጠሀ ደግሞ «ትከሻውን አላየህም? ያ ትከሻ ቀበሌ ይሸከማል» አሉ። እዚህ ላይ ሳቄን ለመቆጣጠር ብዙ ተቸግሬአለሁ። ክቡር ጓድ እንደሚያስታውሱት፣ ያንን ትከሻ ከምርጫው በፊት መሃል ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ ኮትዎ ላይ ከስፖንጅ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ትንሽ ጨምርበት» ብለውኝ ጨምሬበታለሁ። ሕዝቡ ከመረጠው ውስጥ የእርስዎ የሆነውንና የእኔ የሆነውን ለመለየት ይከብደኛል፤ ሥልጣኑን እንካፈል ግን አላልኩም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የባለቤቴ የወርቅነሽ መልስ ነው። ልጃችን በትኩሳት ስትቃጠል ታቢታ አጠገቧ የተቀመጠችላት እናት ናት።

«አንቺ እንኳ ለታቢታ እጅሽን አታነሺም?» አልኳት።

«ታቢታማ የኛው ናት።»

«ታዲያ?»

«እሷን ከመረጥን ማን ይቆጣናል?»

ታቢታን ሳንመርጣትም ትረዳናለች፤ ስለዚህ ለምን እንመርጣታለን? እርስዎን ግን ካልመረጥንዎ ምን እንደሚያደርጉን ስለማናውቅ መረጥንዎ። ይህን ታላቅ እምነት በልብዎ እንዲይዙልን እለምናለሁ።

4ኛ. አሁን ወደ ጉልበታችን ልመለስ። ለላብ አደሮች ቀን በዓል መድረክ ሲያስፈልግዎ ሰፈሩን ዞረው ዞረው ቦዩ ላይ እንዲሠራ አዘዙ። ታቢታ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥታ «ጓድ፣ እዚህ ከደፈናችሁት ውሃው የት ይሂድ?» ብትልዎ «ውሃው ከሕዝብ በዓል አይበልጥም!» ብለው መለሱላት። መልስዎ እጅግ ያማረ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ደጋገመው፤ እኔም ለደንበኞቼ ነግሬአለሁ። ቦዩ በድንጋይና በአፈር ተደፈነ፤ መድረኩም በቀይ ጨርቅ አጊጦ ተሠራ። በዓሉ ላይ ያደረጉት ንግግር ድንቅ ነበር።

በዓሉ ባለፈ ሰሞን ግን ውሃው የሕዝብ በዓል ማለፉን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ማለዳ መጣ። የእትዬ ሸዋዬ የጠላ ጋኖች ተንሳፍፈው ወጡ፤ እሳቸውም አልጋቸው ላይ ቆመው ይጮኹ ነበር። ልጄን በትከሻዬ ተሸክሜ ስወጣ ውሃው ጉልበቴን አልፎ ነበር፤ ስለ ትከሻ ያን ዕለት ነው በቁም ነገር ያሰብኩት። ታቢታ አካፋዋን ይዛ በቀጥታ ወደ መድረኩ ሄደች። ማንንም አልጠየቀችም። ጣውላውን እየገነጠለች ስታነሳ እኛም ተከተልናት፤ አፈሩ ሲናድ ውሃው እየጮኸ መንገዱን ያዘ። የእትዬ ሸዋዬ ቤት በዚያች ቅጽበት ተረፈ።

እርስዎ የደረሱት ውሃው ጎደል ካለ በኋላ ነበር። ቀሪዋ ጣውላ ላይ ወጥተው «ጓዶች! ጎርፉ ተሸንፏል!» አሉ። ለማመን ቢያስቸግርም፣ ከመካከላችን «ደግሞ አዳኑን» ያለ ሰው አለ። ስሙን የማልጠቅሰው ጋሽ ጠሀ ደንበኛዬ ስለሆኑ ነው።

በማግስቱ ታቢታ «የሕዝብን መድረክ በማፍረስ» ተብላ በቀበሌው ክፍል ታሰረች። ጸሎት ቤቷ ታሽጎባት በየቤቱ ተደብቃ የምትጸልይ ሴት ስለሆነች፣ አሁን ደግሞ በይፋ የምትጸልይበት ክፍል ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ከዚህ በላይ ግን መቀለድ አልቻልኩም። ወርቅነሽ ምግብ ወስዳላት ስትመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እኔኮ ነኝ ያሰርኳት፤ በዚህ እጄ» አለችኝ። ምን ብዬ ላጽናናት? እርስዎ ቢመጡና በዚያ ድምፅዎ አንድ ነገር ቢሏት ሳትጽናና አትቀርም።

ስለዚህ ክቡር ጓድ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ታቢታ ትፈታ። መድረኩን ያፈረስነው ሁላችን ነን፤ ክፍሉ ሁላችንንም የሚበቃ ከሆነ እንመጣለን። እኔ ለመጀመሪያው ተራ ስሜን ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

የሰጡኝ የሂስ መብት ከእኔ ሳይወሰድ በፊት የተጠቀምኩበት፣
ከማይናወጥ አብዮታዊ ሰላምታና ገና ካልደረቀ ካልሲ ጋር፣
የትከሻዎ ሠራተኛ፣
ሸዋንግዛው ገብረየስ፣ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለመለጠፍ ስሄድ ዝናቡ እንደገና ወርዶ ነበርና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ራሱ ውሃ ገብቶበት አገኘሁት። የአብዮት ጥበቃው ሙሴ በጣም ከመጨነቁ የተነሳ ታቢታን ከክፍሉ አውጥቶ አካፋ አስጨብጧት፣ እሷም ከደጃፍዎ ውሃውን ታስወጣለች። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ አብሬአት ገባሁ፤ እትዬ ሸዋዬና ወርቅነሽም መጡ። እርስዎ በመስኮት ብቅ ብለው «በርቱ!» ሲሉን እትዬ ሸዋዬ ቀና ብለው «ጓድ፣ ትርፍ አካፋ አለ፤ ይውረዱ!» አሉዎ። መስኮቱን ዘጉት። ሥራው ሲያልቅ ሙሴ ታቢታን ወደ ክፍሉ ይመልሳት እንደሆነ ሊጠይቅዎ በርዎን ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ መልስ አጣ። ስለዚህ ፈቅደዋል ብሎ ወደ ቤቷ ሸኛት። ስለ ዝምታዎ ከልብ እናመሰግናለን፤ እስካሁን ካደረጉልን ንግግር ሁሉ የጠቀመን ይኸው ነው።