ስለ ቡችላችን ሽንትና ስለ ጠፉት ስምንት ሰዓታት

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ለአለቃህ ስጽፍ እንዳትቆጣኝ። ከአለቃ ጋር አፍ አትካፈት ትለኝ እንደነበር አልረሳሁም፤ ስለዚህ አፌን ዘግቼ በብዕር ብቻ ነው የምናገረው። ቡችላውን ከጫማህ ላይ አውርደውና አዳምጠኝ፤ ትሕትና ከጎደለኝ አርመኝ።

ለተከበሩት የጠርሙስ ፋብሪካው የፈረቃ አለቃ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንቅልፍዎ የተሟላ፣ ምሳዎም በሰዓቱ የቀረበ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር ከፋብሪካዎ ወጥቶ አስፋልት ሲሻገር የጭነት መኪና የገጨው የምድጃ ሠራተኛዎ ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ አቤቱታዬን በቁጥር አስከትላለሁ።

አንደኛ፦ ስለ እርሳስዎ አመሰግናለሁ። የሠራተኛውን ፈረቃ በር ላይ በሚለጠፈው ወረቀት በእርሳስ እየጻፉ፣ ሲያሻዎ በላጲስ እያጠፉ፣ ወንድሜን ዛሬ የጠዋት፣ ነገ የማታ ሰው ስላደረጉት ቤታችን መሰልቸትን ሳያውቅ ኖሯል። ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከስባሪ ጠርሙሱ ክምር ሥር ተከትሎት የመጣውን ቡችላ ለእንስሳት ሐኪም ባሳየ ጊዜ፣ ሐኪሙ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ካስወጣኸው ቶሎ ይለምዳል ብሎት ነበር። ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቡችላውንም፣ ሳይጠይቅ የተጨመረለት ስለሆነ፣ ‹ትርፍ ሰዓት› ብሎ ሰየመው፤ ሲያቆላምጠው ትርፌ ይለዋል።

ሁለተኛ፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኛው በበላበት ይሸና ነበር። በጂኦግራፊ ደብተሬ ላይ ሸንቷል። እናታችን ቀን ቀን ሱቅ የምትውል ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሙሽራ ቆርጣ ወደ ቤት ባመጣችው ጨርቅ ላይም ሸንቷል። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ቤቴ ዘነበ እያለች ሦስት ጊዜ ወጥታ በራችንን ደብድባለች። ወንድሜ እርስዎን ማስለመድ እንደማይቻል ስለተረዳ፣ ደብተር ገዝቶ ከበሩ አጠገብ በገመድ አንጠለጠለ። ከቤት የወጣበትን፣ የተመለሰበትን፣ ቡችላው ውኃ የጠጣበትንና የሸናበትን ሰዓት ይጽፍበት ጀመር፤ ቡችላውን ያወጣ ሰው ሁሉ እንዲጽፍም አዘዘን፤ በእስክሪብቶ። ሌላ ሰዓት ባይኖረን የቡችላውን ሆድ ሰዓት አደረግነው ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ትርፌ በማንኛውም ፈረቃ ቢሆን ከሕንፃው ጀርባ ካለው ቦይ ሳይደርስ አንድ ጠብታ የማያፈስ ጨዋ ሆነ። ወንድሜም ቡችላው ለመደ፣ አሁን የቀረኝ አለቃዬ ነው ይል ነበር። አልደረሰም እንጂ።

ሦስተኛ፦ ይህኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም። በዚያን ቀን ወንድሜ ማታ አራት ሰዓት ገብቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት ሲገባው፣ ተተኪው ስለቀረ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት አቆዩት። ደውሎ ነገረኝ፤ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ብቅ ብዬ ትርፌን እንዳወጣውም ለመነኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ኳስ ነበረና ቀረሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ቢደውል ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበረች። ከፋብሪካው ሲወጣ ይሮጥ እንደነበር የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነግሮናል፤ አሥራ ስድስት ሰዓት እሳት ፊት የቆመ ሰው፣ ለቡችላ ብሎ ይሮጥ ነበር። የራሴን ድርሻ እኔ እሸከመዋለሁ። የእርስዎን ድርሻ ግን ልሸከምልዎት ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አራተኛ፦ ለእናቴ ስለላኩላት ባለ ማኅተም የሐዘን መግለጫ አመሰግናለሁ። ሟቹ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ፣ ከዚያ እስከ አደጋው ድረስ ግን የት እንደዋለ ድርጅቱ እንደማያውቅ በጥሩ ቋንቋ ጽፈውላታል። ሠፈሩም ያልታወቁትን ስምንት ሰዓታት በፈቃደኝነት ሞላልዎ፤ ሲጠጣ ነው፣ ሴት ዘንድ ነው፣ ተባለ። እናቴ አንገቷን ደፍታ መሄድ ጀመረች። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎም ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ብለው ነበር፦

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ሥራ አልተሠራም።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ፈርቼዎት አልነበረም። አደጋው የደረሰበት ቀን ጠዋት በደብተሩ ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ‹1፡30፤ ወንድም ጋሼ አልመጣም፤ አለቃው አቆይቶታል፤ እኔ አወጣሁት፤ ሸና› ይላል። ከሥሩ የምሳ ሰዓቱ መስመር ባዶ ነው። እርስዎን ለማሳየት ባዶውን መስመር ማሳየት ስለነበረብኝ፣ ደብተሩን ፍራሼ ሥር ደብቄው ነበር። ባለፈው እሑድ አውጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ባዶውን መስመር ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ‹አቆይቶታል› የሚለው ላይ አሳርፋ፣ ለሚመለከተው አድርስ አለችኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ እነዚያን ስምንት ሰዓታት የት እንደነበረ ለእናቴ ይጻፉላት። እስክሪብቶ ከሌለዎት እልክልዎታለሁ።

ለወንድሜ ያሳዩት አሳቢነት በልጆችዎ ላይ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ የማቀርብ፣
የሠራተኛዎ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እናቴ ወደ ሥራዋ ስለተመለሰች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ትርፌን አወጣሁት፣ ሸና፣ ጻፍኩት። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ ሁለታችንም ፋብሪካዎችን ወደምትመረምረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቢሮ ሄድን። ተቆጣጣሪዋ ደብተሩን ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ‹አለቃው አቆየኝ› የሚለውን በወንድሜ እጅ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ስታገኘው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንጠብቅ ትርፌ ኮሪደሩን አላረጠበም። በመጨረሻ ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ ጠየቀችኝ። እንዳትሳሳት ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ስትጽፍም በእስክሪብቶ መሆኑን አየሁ።