ወንበሩ ደርሶኛል፤ ወንድሜስ?

ለክቡር የክልላችን ምክር ቤት አባልና የፓርቲው ሊቀ መንበር፣
ባሉበት፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንዴት ሰነበተ? በሬዲዮ ስሰማዎት ትንሽ ሻከር ያለ መሰለኝ፤ ያን ያህል መናገር፣ ያውም አንድም ሰው ሳያቋርጥ፣ ለማንም ይከብዳል። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ሰው ሲጠይቃችሁ እንዲህ በሉ ስለተባልን ነው።

እኔ የምክር ቤቱን መጋረጃና የወንበር ሽፋን የምሰፋው ሴት ነኝ። ድሮ ከግቢያችን በስተኋላ ባለችው ክፍል ተከራይተው ሳሉ «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አንተ እልዎት ነበር፣ ይቅርታዎን። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና አጻጻፌ ቢወላገድ በትልቅነትዎ ይለፉኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎትም ልድፈርዎ ብዬ ሳይሆን፣ ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምትለኝ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ ቁጥር ልስጠው።

1ኛ. ስለ እድገትዎ አመሰግናለሁ። የውሃ ቆጣሪ እያነበቡ በየቤቱ ሲዞሩ፣ የማን ቧንቧ እንደሚያፈስ ብቻ ሳይሆን ማን ስለ ማን ምን እንዳለም ይዘው ይወጡ ነበር። ያኔ ጨዋታ ወዳድ ልጅ ነው ብለን ሳቅን። እጅዎን ይዞ ፓርቲው ውስጥ ያስገባዎት ታላቅ ወንድሜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤት ሲወዳደሩም፣ ይህ ሰው የሰው ችግር ይሰማል እያለ ጫማው እስኪያልቅ የዞረልዎት እሱ ነው። እንደሚሰሙ እውነቱን ነው፤ ዛሬ በየሻይ ቤቱ የሚሰሙልዎት ሰዎች አስቀምጠዋል።

2ኛ. ስለ አዳራሹም አመሰግናለሁ። እርስዎ ሊቀ መንበር ከሆኑ ወዲህ በምክር ቤቱ ውስጥ ባዶ ወንበር ታይቶ አያውቅም። አንድ አባል ሲጎድል ወንበሩ ይወጣል፣ የቀሩት ጠጋ ጠጋ ይደረጋሉ፣ በቴሌቪዥን ሲታይ አዳራሹ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የወጣው ወንበር እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ሽፋኑን አውልቄ አጥባለሁ፣ ወንበሩ ወደ መጋዘን ይሄዳል። መጀመሪያ የመጣው ስለ ሆስፒታሉ ጣሪያ የጠየቁት የሽማግሌው ነበር። እሳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ከምክር ቤቱ ለቀው አረፉ ተባልን፤ ልጃቸው ግን ዛሬም ስንቅ ይዞ ከአንዱ የፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራል። ቀጥሎ የመምህሯ መጣ። ስለ እሷ ምንም አልተባለም፤ እኛም አልጠየቅንም። እንዲህ ሥራ ስላላጓደሉብኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ባለፈው የፓርቲው ጉባኤ፣ እዚያው የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ የሊቀ መንበርነትዎ ዘመን ገደቡ ይነሳ ሲባል፣ አንድ ሰው እጁን አላወጣም ይባላል። ይባላል የምለው በዚያች ደቂቃ ቴሌቪዥኑ መጋረጃዬን ሲያሳየን ስለነበር ነው፤ ስፌቴ አምሮ ታይቷልና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያ ሰው የምክር ቤት አባሉ ወንድሜ ነው። ቤቱ ገብቶ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ መኪና መጣ። የመጡት ልጆች ጨዋነታቸው አይካድም፤ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፣ ሚስቱን እማማ አሏት፣ ለአጭር ምክክር ስለሚፈለጉ ነው፣ አሁኑኑ ይመለሳሉ አሉ። የደም ግፊት መድኃኒቱን ላስይዘው ብላ ስትነሳ ግን አንደኛው፣ «አያስፈልጋቸውም» አላት። ይህች ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችን። ቶሎ ስለሚመለስ ነው የማያስፈልገው? ወይስ በሌላ ምክንያት? እርስዎ አዋቂ ነዎትና ቢያስረዱን።

4ኛ. በማግስቱ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ፒክአፕ ቆመና ወንበር ወረደ። ሚስቱ አጠገቤ ነበረች፤ ጎረቤት ዝም ብሎ ሲያያት መዋል ከብዷት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ወንድሜን ግራ ወገቡን ስለሚያመው በዚያ በኩል ስፖንጅ የደረብኩለት እኔ ነኝና ገና ሲወርድ አወቅሁት። ያመጣውን ሠራተኛ የማን ነው አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ፣ «የማንም አይደለም፣ እትዬ» አለኝ። ሚስቱ ተነሳች፣ አቧራውን በእጇ ጠረገች፣ ሄዳ ተቀመጠችበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቁን ስከፍት ትመጣለች፣ እዚያው ላይ ትውላለች። ስለዚህ ሽፋኑን ማውለቅ አልተቻለኝም፤ ስለ መዘግየቱ ትህትና የተሞላበት ይቅርታዬን አቀርባለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ምክክር ከሆነ ማለቂያ ይኖረዋል። ጥፋት ካለበትም ፍርድ ቤት አለን፤ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት፣ አጨብጭበናል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜን ይመልሱልን። መመለስ የማይቻል ሆኖ ከሆነም፣ የት ሄደን እንደምንቆም ይንገሩን።

የእርስዎን ጤና፣ የሥልጣንዎን እርዝማኔና የጠባቂዎችዎን ንቃት ሳላቋርጥ የምመኝ፣ በርዎ ላይ መቆም እስካሁን ያልታከተኝ፣ የድሮዋ እትዬዎ፣ ልብስ ሰፊዋ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጠየቅ ጊዜ ባያገኙም እናትዎ በሕይወት አሉ። ያሠሩላቸውን ቪላ ብቻዬን ያስፈራኛል ብለው ትተውት፣ አሁንም እኛው ሰፈር፣ ከወንድሜ ቤት ፊት ለፊት ናቸው። ወንድሜንም እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት፤ ያን ዕለት መኪናውን በመስኮት አይተው፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብለው በባዶ እግራቸው ወጡ፤ ልጅዎ የላከው ነው ብዬ ያረጋጋኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ትናንት ግን ሹራባቸውንና ፎጣቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝና፣ «ለልጄ ንገሪው፣ ያንን መኪና ለእኔም ይላክልኝ» አሉኝ። ይኸው ነገርኩልዎት። አይቸኩሉ፣ እሳቸው ተዘጋጅተዋል።