ማር ነው ያልኩህ ውሃ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ሥራዬን ለቅቄ፣ ልጆቼን ይዤ፣ የአባታችንን መሬት አርሼ ልኑር» ትላለህ። ሦስቴ አነበብኩት። እባክህ እንዳትመጣ። ምክንያቱን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ወኔዬ ከዳኝ።

አባታችን በየዓመቱ ከመዝራቱ በፊት የጉድጓዱን ውሃ ያስቀምሰኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። «የዚች ልጅ ምላስ ለሰው መራራ ነው፣ ለውሃ ግን ዳኛ ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ አንተም ልማዱን አልተውክም። ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲቀር ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገህ አስቆፍረህ አዲሱን የውሃ መሳቢያ ሞተር ያስነሳህ ዕለት፣ በጣሳ ቀድተህ እየሮጥክ መጣህ። ግማሹን መንገድ ላይ ደፍተኸዋል።

«እታለም፣ ቅመሺና ፍረጂ!» አልከኝ።

ጨው ጨው ይል ነበር። ብዙም አይደለም፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ብቻ። ፊትህን አየሁና «ማር ነው» አልኩህ። ጮቤ ረገጥክ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ጉድጓዱን ዘግተን ዝናብ እንጠብቅ ነበር። እንራብ ነበር ይሆናል፤ መሬቱ ግን ይተርፍ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት በዚያ ውሃ ያለማነው ቲማቲም አላሳፈረንም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሁለተኛው የቅጠሉ ጠርዝ ማረር ሲጀምር «ጠምቶት ነው» ብለህ ከዚያው ውሃ ጨመርክለት። እኔ አጠገብህ ቆሜ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ዘሩ ሳይበቅል ቀረ። «እጄ በረከት የለውም» ብለህ ሻንጣህን ስታነሳም አፌን አልከፈትኩም። ይህን ሁሉ ዓመት በራስህ እያዘንክ መኖርህን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ማሳው በጨው ነጭ ነው፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ በራቸውን ቆልፈው ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ሞተሩን ባስነሳው አየር ብቻ ተፋ። ለልጆችህ የሚሆን መሬት የለም፣ ወንድሜ። አይመለስም።

ጥፋቱ የእጅህ አይደለም። የምላሴ ነው።

ለአውቶቡሱ ሾፌር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ሰጥቼዋለሁ፤ ጉድጓዱ ከመንጠፉ በፊት የቀዳሁት ነው። ልጆቹ እንዳይጠጡት። አንተ ብቻ ቅመሰው። የዛሬውን ፍርድ ላንተ ትቻለሁ።

እታለም ብለህ ያመንከኝ
እህትህ