ከተራዋ የወጣችው ሮንዴላ

ጥቅምት 3

የአውቶቡሱን የኋላ ጎማ ፈታሁ። አዲስ ዓይነት ነው፣ እንዲህ ያለ ነክቼ አላውቅም። ድሮ የፈታሁትን ሁሉ ጨርቅ ላይ በተራ እደረድር ነበር፤ ስገጥም ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ። አሁን ልጄ ስልኬ ላይ አፕ ሠርታልኛለች። እየፈታሁ ፎቶ አነሳለሁ፣ እሱ በተራ ይደረድራል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄንንም እኔ ስናገር ስልኩ ነው የሚጽፈው።

"ጋራዡ ውስጥ ላሉት ወጣቶች ማሳያ ይሆናል" ብዬ ነው ያሠራኋት። ውሸቴን... ጨርቁ ላይ አፍጥጬ የቱ ቀድሞ እንደወጣ ሲጠፋኝ ከርሟል። ለማን ይወራል? ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ነበር የጀመረው። በኋላ እኔኑ "የማን ልጅ ነህ?" አለኝ።

ከፎቶዎቹ መሃል የአንዷ ሮንዴላ፣ የቀጭኗ ቀለበት ብረት፣ ደብዝዞ ወጣ። ሁሉን ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ ፎቶውን አጥፍቼ እንደገና አነሳኋት።

ጥቅምት 9

ያዘዝነው መለዋወጫ መጣ፣ ጎማውን መልሼ ገጠምኩ። ስልኩ ሮንዴላዋን ከሁሉ አስቀድመህ፣ ጎማው ከሚዞርበት ኩሽኔታ ጀርባ አስገባ አለኝ። እጄ እምቢ አለ። በሁለቱ ዳዶ መሃል አልነበረችም እንዴ? ዳዶው እንዳይላላ አንቃ የምትይዘው እሷ አይደለችም?

ከዚያ ፈራሁ። ራሴን ነው የፈራሁት። ስልክ አይረሳም... እኔ ነኝ የምረሳው። እንዳለኝ ገጠምኩ።

ሾፌሩ ቆሞ ያሾፋል። "ጋሼ፣ ከጎማው ጋር ሊጋቡ ነው እንዴ?"

"ሂድ ወዲያ! አንተ ዳዴ ስትል እኔ ጎማ እፈታ ነበር።"

ሳቀ። ተሳፋሪ ሊጭን ወጣ።

ጥቅምት 10

ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ጎማ ብቻውን ቁልቁል ሲንከባለል ይታየኛል።

ቁርስ ላይ ልጄን እንደ ቀልድ ጠየቅኋት። "አንቺ፣ ይሄ አፕሽ ተራ ያፋልሳል?"

"አያፋልስም አባዬ። ፎቶው በገባበት ተራ ነው የሚያስቀምጠው።"

"አጥፍቼ ደግሜ ያነሳሁትስ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የጠፋው ቦታውን ይለቃል... አዲሱ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ወይኔ! የራሱ ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም። አባዬ፣ ምንድን ነው የገጠምከው?"

ለሾፌሩ ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ። እየነዳ ነዋ! በመጨረሻ አነሳ።

"አቁም! ያለህበት አቁምና ሰው አውርድ!"

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ቁልቁለቱን ልጀምር ነው እኮ..."

"አቁም አልኩህ አንተ ደንቆሮ!"

ልጄ ነድታ ወሰደችኝ። ጎማውን ፈታሁት። ዳዶው ላልቶ፣ ያለ ቁልፍ በጣቴ ዞረ። ሾፌሩ አየ፣ የመንገዱን ጥግ ይዞ ቁጭ አለ። የዛሬን አላሾፈም።

ጥቅምት 12

ልጄ አፑን አስተካከለችው። አሁን ፎቶ ቢለወጥም የድሮ ቦታው ላይ ነው የሚገባው። "ሰው ልገድል ነበር" ብላ ታለቅሳለች።

የሷ ጥፋት ብቻ ነው? እጄ እኮ ነግሮኛል። እጄን ለምን እንዳላመንኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገርኳት። "ለወጣቶቹ አይደለም ያሠራሁሽ። ለራሴ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትረሳው?"

"እሱንም ረሳሁት" አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር... አልሳቀችም።

ጥቅምት 17

ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ለጋ ናት። "አባቴ፣ አምስት ቃል እነግርዎታለሁ። ቆይተው በተራ ይሉልኛል።"

በዚህ ዕድሜዬ ፈተና! ወንበር፣ ዝናብ፣ ቁልፍ... ሌላ ሌላ ወሬ አስወርታኝ ተመለሰችበት። አልኳቸው። አምስቱንም! አንድ አልጎደለም። ደረቴን ነፍቼ ልጄን ዞሬ አየኋት።

"ሁሉንም ብለሃል አባዬ።"

ሐኪሟ ትጽፋለች። ብዙ ትጽፋለች።

"በተራቸው ነው ያልኳቸው?" አልኳት ልጄን።

እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። "ዝናብን መጨረሻ ላይ አልከው፣ አባዬ።"